ልል ወይስ ትራስ? በአንድ የሥልጠና መምሪያ ትርጕም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ትርጕም ብቃት የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉን አንብቦ ሥራ በሚጀምረው ሰው እጅ ላይ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ሬዲዮ መር ሄሊኮፕተር ንዝረትና ስለ በረራ መቆጣጠሪያው አገጣጠም ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ አጭር የሥልጠና መምሪያ ነው። መምሪያውን ያየነው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። የአዘጋጁን ስም አንጠቅስም፤ ስሕተቶቹ የአንድ ሰው ሳይሆኑ የብዙዎቻችን ናቸውና።

ወደ ወርክሾፑ የጠራን አንድ አደጋ ነው። መምሪያው «የበረራ ተቆጣጣሪውን በልሉ ጫን» ይላል። አንድ ሠልጣኝ ይህን አንብቦ መሣሪያውን በጎማ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ቡሎኖቹን ሳያጠብቅ ተወ። ሄሊኮፕተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ከመሬት እንደ ተነሣ በጎኑ ተገለበጠ፤ ክንፎቹም ተሰበሩ። በሰው ላይ ጕዳት አልደረሰም። ሠልጣኙ ግን አልተሳሳተም፤ በአማርኛ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በበረራ መቆጣጠሪያው ውስጥ ሁለት ዓይነት መለኪያዎች አሉ፤ ጋይሮስኮፑ የመዞርን ፍጥነት፥ ሌላው ደግሞ ሽምጠጣን ይለካል። ከክንፍና ከሞተር የሚመጣው ንዝረት በርትቶ ከደረሰባቸው፥ መሣሪያው ያልተፈጠረ ማዘንበል የተፈጠረ መስሎት ያንን ለማረም ይነሣል። ስለዚህም በመሣሪያውና በሄሊኮፕተሩ አካል መካከል ስፖንጅነት ያለው ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ወይም ጄል ይደረጋል። ሆኖም መሣሪያው ከአካሉ ጋር አብሮ ማዘንበልና አብሮ መዞር አለበት፤ ቢዋልል የሚለካው የሄሊኮፕተሩን ሳይሆን የራሱን እንቅስቃሴ ይሆናል። ስለዚህ ገጠማው ስፖንጃዊም የጠበቀም መሆን አለበት ማለት ነው።

«ልል» ይህን ሊገልጽ አይችልም። የ«ልል» ተቃራኒ «ጥብቅ» ነው፤ የላላ ቡሎን፥ የላላ ገመድ፥ የላላ ቍጥጥር ስንል የምንናገረው ስለ ጕድለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ተቃራኒ ግን «ጠጣር» እንጂ «ጥብቅ» አይደለም። ተርጓሚው አንድ ቃል በሌላ ሲተካ የቃሉን ተቃራኒ ሳያመዛዝን ቀርቷል። «ለስላሳ» ቢል ኖሮስ? ይህም ከ«ሻካራ» ጋር ስለሚነጻጸር የተሞረደ ብረት ሊመስል ይችላል። በወርክሾፑ ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ ባለሙያ ግን ያችን ስፖንጅ ሲያሳዩን «ትራሱ ይህ ነው» አሉን። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። ትራስ ይደላል እንጂ አይላላም። ከዚህም በላይ ቃሉ ይራባል፤ «ባለ ትራስ ገጠማ»፥ «ወፍራም ትራስ»፥ «ጠጣር ትራስ» ለማለት ያስችላል።

የሚያስገርመው፥ «ላላ» በትክክል በሚያስፈልግበት ቦታ መታጣቱ ነው። ወደ መሣሪያው የሚገቡት ገመዶች ከተወጠሩ ንዝረቱ ትራሱን አልፎ በእነርሱ በኩል ይደርሳል። ስለዚህ ገመዶቹ ላላ እንዲሉ ያስፈልጋል። መምሪያው ግን «ሽቦዎቹ ነፃ ይሁኑ» ይላል፤ ይህን ያነበበ ሰው ሽቦውን ቢነቅል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን «ንዝረት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ መሆኑን አንቃወምም። ነገር ግን መምሪያው መንሥኤያቸውና መድኀኒታቸው የተለያዩ ሦስት ነገሮችን በዚህ አንድ ቃል ጠቅልሎ «ንዝረት ሲኖር ትራሱን ለውጥ» በሚል መንፈስ ያልፋል። ዋናው ክንፍ በደቂቃ 2000 ጊዜ ቢዞር፥ የሚዛን ጕድለቱ አካሉን በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ይመታዋል፤ ይህ ለዓይን የሚታይ ነው። የጅራቱ ክንፍ የዚህን 4.5 እጥፍ ቢዞር ምቱ በሰከንድ 150 ይደርሳል፤ ይህን ዓይን አይለየውም፥ እጅ ግን ይሰማዋል። ጅራቱ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲል ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የክንፍ ሳይሆን ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጎ የተስተካከለው የእርምት መጠን ነው።

አማርኛ ለእነዚህ ለሦስቱ ቃል አላጣም። የመጀመሪያው «መንቀጥቀጥ» ነው፤ ስለ ምድር የምንናገርበት ይኸው ግስ ጉልህና የሚታይ እንቅስቃሴን ያመለክታል። ሁለተኛው በጠባቡ ፍቺው «ንዝረት» ነው፤ ኤሌክትሪክ የነካው ሰው «ነዘረኝ» እንደሚለው፥ በዓይን ሳይሆን በአካል የሚታወቅ ነው። ሦስተኛው «መወዛወዝ» ነው። «ተንቀጠቀጠ»፥ «ተወዛወዘ»፥ «ተርገበገበ»፥ «ተንገጫገጨ» የመሰሉት ግሶቻችን ፊደሎቻቸውን በመደጋገም የእንቅስቃሴን መደጋገም የሚገልጹ ናቸው። ይህን ሀብት ይዞ በአንድ ቃል መወሰን ድህነትን መምረጥ ነው። ልዩነቱም የቃል ብቻ አይደለም፦ ለመንቀጥቀጥ ክንፍ ማመዛዘን፥ ለንዝረት የጅራቱን ክንፍና ኩሽኔታውን መመርመር፥ ለመወዛወዝ የእርምቱን መጠን መቀነስ ያሻል። ትራስ መለወጥ ለሁሉም መድኀኒት አይሆንም። እንዲያውም ትራስ የራሱ ድግግሞሽ ስላለው ከዚያ 1.4 እጥፍ በላይ የሆነውን ይቀንሳል፤ ለዚያ የቀረበውን ግን ያጎላል።

ሦስተኛው «ተቆጣጣሪ» ነው። ይህ የአድራጊ ስም ሲሆን በአየር መንገድ ዘንድ የሚታወቀው ሰው ነው፤ «ተቆጣጣሪውን በጎማ ላይ አጣብቅ» ማለት ፈገግ ያሰኛል። የመሣሪያ ስም በ«መ-» ጀምሮ በ«-ያ» የሚጨርሰው «መቆጣጠሪያ» ነው። አብራሪው በእጁ የሚይዘው መሣሪያም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፥ ለእርሱ «የእጅ ማዘዣ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ሰው ያዛል፥ መሣሪያው ይቆጣጠራል። «መጫን»ም ዕቃን፥ ቍልፍንና ፕሮግራምን ስለሚመለከት ለዚህ ሥራ «መግጠም» ይበቃል።

መምሪያው መልካም ጎን የለውም አንልም። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ «ኩሽኔታ»ና «ቡሎን» የመሳሰሉትን በሙያተኛው ዘንድ የሠረጹ የውሰት ቃላት ሳይነካ መተዉም ያስመሰግነዋል። ጕድለቱ ከወርክሾፕ ዕቃዎችን ተቀብሎ ግሶችን አለመቀበሉ ነው። ከእንግዲህ ማንኛውም የዚህ ዓይነት ትርጕም ከመታተሙ በፊት፥ ሥራውን የማያውቅ አንድ ሠልጣኝ አንብቦት በእጁ እንዲሞክረው፥ አንድ ነባር ባለሙያም አጠገቡ ቆሞ እንዲታዘበው እናሳስባለን። ባቀረብናቸው ስያሜዎች ላይ የተሻለ ሐሳብ ያላቸው አንባብያን ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን።