ፖሊሱን የሚመራው የሪፖርት ቅጽ

ለወጣቶች ወንጀል መከላከል የሚውል ግራንት አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ከተማ ሲፈቀድ ፖሊስ ጣቢያውም የከተማው ምክር ቤትም መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ ስንት ፖሊስ እንቅጠር፣ የትስ እንመድባቸው የሚል ነው። ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው ግን ነገሩን ከሌላው ጫፍ ቢጀምረው ይሻለዋል። ገንዘብ ሰጪው በየጊዜው የሚሞላ የሪፖርት ቅጽ አለው፤ ቅጹ ላይ ቁጥር የሚጠብቁ ባዶ ቦታዎች አሉ። ስንት ልጅ ሥልጠናውን ጨረሰ? ስንት ሰዓት ጥበቃ ተደረገ? ስንት ጉዳይ ተመዘገበ? ቅጥሩ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቆመ ፖሊስ ሳያስበውም ቢሆን ቁጥሮቹ ወደሚገኙበት ይሄዳል። ስለዚህ በእኔ እምነት የፕሮፖዛል ጸሐፊ ትልቁ ውሳኔ ገንዘቡ ምን ይግዛ የሚለው አይደለም፤ ምን ይቆጠር፣ ቆጣሪውስ ማን ይሁን የሚለው ነው።

የዴር ፕሮግራም ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1983 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከከተማዋ የትምህርት አስተዳደር ጋር ሆኖ ጀመረው፤ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ልጆችን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያስተምራል። የፌዴራል ገንዘብ ሲታከልበት በአብዛኞቹ የአሜሪካ የትምህርት ወረዳዎች ተዳረሰ። ወላጆች ወደዱት፣ ፖለቲከኞች ፎቶ ተነሱበት። ይሁንና ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወጡ ጥናቶች ትምህርቱን የወሰዱና ያልወሰዱ ልጆች በዕፅ አጠቃቀም ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደሌላቸው ደጋግመው አሳዩ። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤትም በ2003 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን መርምሮ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በታደለው ሰርተፍኬት ብዛት ቢመዘን ግን ዴር አንድም ዓመት አልወደቀም።

የዴር ጉዳት ቢበዛ የባከነ ገንዘብና ጊዜ ነው። የሚከፋው የፖሊሱ ሥራ መቆጠሪያ ልጆቹ ራሳቸው ሲሆኑ ነው። የ1994ቱ የወንጀል ሕግ 100,000 ተጨማሪ ፖሊሶችን መንገድ ላይ የማውጣት ዓላማ ይዞ ኮፕስ የተባለውን የግራንት መሥሪያ ቤት ወለደ፤ በ1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት እልቂት ከደረሰ በኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ፖሊሶችን በትምህርት ቤቶች ውስጥ ለመመደብ በሰፊው ዋለ። ሁለት የ7ኛ ክፍል ልጆች በምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ሲገፋፉ እናስብ። ፖሊስ በሌለበት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይጠራቸዋል፣ ወላጅ ይመጣል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፖሊሱ ኮሪደሩ ላይ ከቆመ ግን ያው ግፊያ የጉዳይ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ማንም ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ በቅጹ ላይ «የተመዘገቡ ጉዳዮች» የሚል መስመር ካለ ይበቃል። ተመራማሪዋ ኤሚሊ ዋይዝበርስት የኮፕስን ገንዘብ ያገኙ የቴክሳስ ትምህርት ወረዳዎችን አጥንታ በ2019 ያሳተመችው ውጤት ያሳስባል። በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የሚወሰደው የዲሲፕሊን እርምጃ 6 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ጭማሪው በአብዛኛው የመጣው ከቀላል ጥፋቶች ነው። የሦስት ዓመት ግራንት ባገኙት ወረዳዎች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ምጣኔ በ2.5 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ምጣኔ ደግሞ በ4 በመቶ ቀነሰ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የዋዛ አይደለም፤ ፖሊስ ሲጨመር ወንጀል ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው። በ2009 የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ 1 ቢሊዮን ዶላር ለፖሊስ ቅጥር ተመድቦ ነበር፤ ገንዘቡን ያገኙትንና የማለፊያ ነጥቡን ሳያገኙ የቀሩትን ከተሞች ያነጻጸረው የስቲቨን ሜሎ ጥናት ባገኙት ከተሞች ወንጀል መቀነሱን አሳይቷል። እቀበለዋለሁ። ነገር ግን እዚያ የተቆጠረው ዝርፊያ፣ የመኪና ስርቆትና ግድያ ነው፤ ፖሊስ ኖረም አልኖረም ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ የሚያመለክታቸው ጉዳዮች ናቸው። የትምህርት ቤቱ ግፊያ ግን የሚመዘገበው መዝጋቢ ስላለ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ፕሮፖዛል ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ገምጋሚዎችም ሳያነቡት ያልፋሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2021 ፖሊሶችን ከትምህርት ቤት አስወጡ፤ አሌክሳንድሪያ በዚያው ዓመት መልሳ አስገባች። የሕዝቡ ክርክር በአመዛኙ ይግቡ አይግቡ የሚል ነበር። ከገቡ ሥራቸው በምን ይለካ የሚለው የያንዳንዱን ልጅ ዕጣ የሚነካ ጥያቄ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ጩኸት አያስነሳም።

አንድ ጊዜ ግን ነገሩ በትክክል ተሠርቷል። በ1991 ፊኒክስ ውስጥ የተጀመረው ግሬት የተባለ ፕሮግራም ልጆች ወደ ወሮበላ ቡድን እንዳይገቡ በፖሊሶች የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ በመልኩ ከዴር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ገንዘብ ሰጪው ወገን ተማሪዎቹን ከትምህርቱ በኋላ ለዓመታት ለሚከታተል ገለልተኛ ጥናት መክፈሉ ነው። የፊን ኤስበንሰን ቡድን ያካሄደው ጥናት ትምህርቱ ወደ ቡድን መግባትን እንደማይቀንስ አገኘ። ያን ጊዜ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ መክተት ቀላል ነበር። የፕሮግራሙ መሪዎች ግን ሥርዓተ ትምህርቱን አፍርሰው በ13 ክፍለ ጊዜ እንደገና ጻፉት፤ ፖሊሱ ከሚያወራበት ይልቅ ልጆቹ የሚለማመዱበት አደረጉት። በሰባት ከተሞች በ31 ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲፈተሽ ትምህርቱን የወሰዱት ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ ቡድን የመግባት ዕድላቸው 39 በመቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላም 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በጥፋት ድርጊቶች ላይ ግን ልዩነት አልታየም፤ ይህም ሳይደበቅ ታትሟል። ይህን የመሰለ ግማሽ ውጤት በሥዕል ካማረ መቶ ሪፖርት ይበልጥብኛል።

ማንኛውም ቁጥር ይጭበረበራል የሚሉም አሉ፤ «የታሰሩ ልጆች ይቀንሱ» ካልን ፖሊሱ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ትክክል ናቸው፤ መልሱ ግን ቁጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ የቀዶ ሐኪሙ የጆናታን ሼፐርድ ቡድን ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡ ቁስለኞች የተጎዱበትን ቦታና ሰዓት እየጠየቀ፣ ስም ሳይጠቅስ ለፖሊስና ለከተማው ያቀብል ጀመር። በ2011 የታተመ ጥናት በአመጽ ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች አንጻር በ42 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ቁስልን የሚመዘግበው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው፤ ፖሊሱ ሊያበዛውም ሊያሳንሰውም አይችልም። ልጆች ከትምህርት የቀሩባቸው ቀናትም እንዲሁ በትምህርት ቤቱ እጅ ናቸው።

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ትንሽ ጣቢያ ለጥናት የሚከፍለው ከልጆቹ ኳስና ምሳ ላይ ቀንሶ ነው ይባላል። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ከሆነ እስማማለሁ፤ ሆኖም ማነጻጸሪያ በነጻ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቺካጎ በ2012 ከፍተኛ አመጽ ባለባቸው ሰፈሮች ለሚማሩ ወጣቶች የስምንት ሳምንት የክረምት ሥራ አዘጋጀች፤ 1,634 ወጣቶች ሲያመለክቱ ቦታው ለሁሉም ስላልበቃ ዕጣ ወጣ። ተመራማሪዋ ሣራ ሄለር ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን በ16 ወር ውስጥ አነጻጽራ በአመጽ ወንጀል መታሰር በ43 በመቶ መቀነሱን አገኘች፤ ቅነሳው በአብዛኛው የታየውም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ከቦታው ብዛት በላይ አመልካች ያለው የክረምት ፕሮግራም ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ የመጣ ይግባ ከማለት ዕጣ ማውጣት፣ ከወላጆች ፈቃድ መውሰድ፣ ዕጣ ያልደረሳቸውንም ልጆች ዝርዝር እስከሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ነው። ይህን የሚሠራ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ በጀቱ ላይ ግን ከፖሊሱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በፊት ስሙ መስፈር አለበት፤ ያለዚያ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።