የአንዲት ሰዓት ብስክሌት

በብራስልስ ከተማ በቤልጅጋዊው ብስክሌተኛ በኤዲ መርክስ ስም የተሰየመ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት መርክስ ከውድድር ከተለየ 25 ዓመት ሆኖታል። በጣቢያው ውስጥ በመስታወት ተከልላ የምትታየው ብስክሌት፣ በጥቅምት ወር 1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳባት ናት።

ጣልያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ሲሠራት፣ ክብደት ለመቀነስ ሲል ሰንሰለቷን ሳይቀር በስቷታል። ፍሬን የላት፣ ማርሽ መቀያየሪያ የላት፤ ክብደቷ 6 ኪሎ አይሞላም። ከተማዪቱ የተመረጠችው አየሯ ስስ ስለሆነ ነው። (ከ4 ዓመት ቀደም ብሎ የኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያገኘባት ሜክሲኮ መሆኗ ነው።)

ጣቢያ ውስጥ መቀመጧን እደግፋለሁ። ሙዚየም የሚገባ ሰው አስቦበት ነው፤ ባቡር ጠባቂ ግን ሳያስበው ያገኛታል። ሥጋቴ መስታወቱ ጌጥ እንዳያስመስላት ነው። በ2000 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የሰዓቱን ክብረ ወሰን በመርክስ ዘመን ዓይነት ብስክሌት ብቻ እንዲሞከር ሲደነግግ፣ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን 49.441 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከ28 ዓመት በኋላ 10 ሜትር! ደንቡ በ2014 ተሽሯል፤ መለኪያ ሆና የቆየችው ግን ይህችው ብስክሌት ናት። እንግዲህ ቀለሟን ላድስ፣ ላሳምራት የሚል ባለሙያ ቢመጣ እጁን መያዝ ይገባል።

በኔ ቢሆን ከመስታወቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ የ10 ሜትር መስመር አሰምር ነበር። መንገደኛው ባቡሩ እስኪመጣ ተራምዶ ይጨርሰዋል።