ትራክተሩ የማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ማኪያቶ ይዘን ስናወጋ፣ በሒሳብ ሥራ ሃያ ዓመት የቆየው ወዳጄ በረጅሙ ተነፈሰና «አለቀልን!» አለ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ፕሮግራም አስገብቷል። እሱና ሁለት ረዳቶቹ ወሩን ሙሉ ሲለፉበት የኖሩትን ሒሳብ ማሽኑ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ረዳቶቹ ተሰናብተዋል። «መፍትሔው አንድ ነው» አለ፤ «መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ፣ ሠራ አልሠራ፣ በየወሩ ድርጎ ይቁረጥለት። መሠረታዊ ገቢ ይሉታል፤ ፈረንጆቹ ሞክረውታል።»

ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የአርሲ ሰው ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ሳይሠሩ መብላትማ ሰውን ያበላሻል!» አሉ። ክርክሩ እዚያው ላይ ቆመ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሁለቱም የዘለሉት ነገር ያለ መሰለኝ።

መጀመሪያ የወዳጄን ፍርሃት እንየው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኢትዮጵያ ሥራዎች 85 በመቶ ያህሉን በቴክኖሎጂ ረገድ ማሽን ሊተካቸው ይችላል ብሎ ነበር። ያስደነግጣል። ነገር ግን «ይቻላል» እና «ይሆናል» ለየቅል ናቸው። የሰው ጉልበት ከማሽን በረከሰበት አገር ማን ቸኩሎ ሮቦት ይገዛል?

የጋሼስ ስጋት? ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በየወሩ 560 ዩሮ ያለ ምንም ግዴታ ሰጥታ ሞክራዋለች። ሰዎቹ ተጋድመው አልዋሉም፤ ሥራ በማግኘት ካልተሰጣቸው አላነሱም። ጭንቀታቸው ግን ቀለል ብሏል። ደግሞስ ሳይሠሩ መብላት ለእኛ መች እንግዳ ሆነና! የድሮው ባለመሬት በጭሰኛው ላብ ሲኖር «ተበላሸ» ያለው ማን ነው?

ባለመሬቱን ካነሳን አይቀር፣ ወደ ጋሼ አገር ወደ ጭላሎ ልውሰዳችሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ «ካዱ» የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ መሬቱም ሰጠ። እርሻው ሲያዋጣ ጊዜ ባለመሬቱ ከቀረጥ ነፃ የሚገባውን ትራክተር አመጣ። ታዲያ ጭሰኛው ምን ያደርግለታል? ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከኖሩበት ተነቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ለእነሱ መሽቶ ነበር።

ልብ በሉ፤ ትራክተሩ ብረት ነው፣ ማንንም አላባረረም። ያባረረው ባለመሬቱ ነው። ጭሰኛው የተባረረውም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በመሬቱም በትራክተሩም ላይ ድርሻ ስላልነበረው ነው።

ለዚህ ነው የወዳጄ መፍትሔ ግማሽ የሚሆንብኝ። ሰጪው ሲያሻው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነሳው ድርጎ ያው ምጽዋት ነው። አላስካን እንይ። ከነዳጅ ገቢያቸው ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመ ፈንድ ይቀመጣል፤ ከ1982 ጀምሮ ከትርፉ በየዓመቱ ለነዋሪው ይከፈላል። ቀለብ አይሆንም፤ መጠኑም ፖለቲከኞቹን ያጨቃጭቃል። ሕዝቡ ግን የሚከራከረው እንደ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ባለድርሻ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

«የእኛ በጀት ለሁሉም ደመወዝ ይበቃል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይበቃም። ነገር ግን ባለሀብቱ ማሽን ሲያስገባ የሚማርለት ቀረጥ የማን ገንዘብ ነው? የሕዝብ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ቀረጡ ሲማርለት፣ «ማሽኑ ለሚያፈናቅለው ሠራተኛ ከትርፍህ ምን አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል በጀት ይፈጃል?

ሰኞ ለጋሼ ደውዬ ይህንኑ አጫወትኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ።

«አባቴ እኮ ያኔ ከጭላሎ ከተነቀሉት አንዱ ነበሩ» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ሰነፍ አልነበሩም» አሉ።