50 ባር የት ላይ?

እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ የሰጠመችው የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ቲስልጎርም እስከ ዛሬ በሲና ልሳነ ምድር አቅራቢያ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተጋድማለች። ሆዷ ውስጥ ሞተር ብስክሌቶችና የጦር መኪናዎች እንደተጫኑ አሉ። ይህን ሁሉ እያየ የሚዋኝ ጠላቂ የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ በየደቂቃው ለማየት ይቸገራል።

ቢያየውም ጌጁ የሚነግረው ግፊትን እንጂ የቀረውን ጊዜ አይደለም። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ብሎ በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ይህ ውሃው ወለል ላይ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። 30 ሜትር ላይ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ነውና ያው አየር በ30 ደቂቃ ያልቃል።

ብዙ ጀማሪዎች ከሥልጠና ይዘውት የሚወጡት ቁጥር 50 ባር ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ይሳታል። 50 ባር ጀልባው ጋ ሲደርሱ ሊተርፍ የሚገባው አየር እንጂ ከታች መውጣት የሚጀመርበት ምልክት አይደለም።

የአንዱ አየር ቢያልቅና ሁለቱ ጓደኛሞች ከአንድ ሲሊንደር ለመተንፈስ ቢገደዱስ? በድንጋጤ እያንዳንዳቸው በወለል ልክ በደቂቃ 30 ሊትር ይሳቡ እንበል። እዚያው ታች ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ከሦስት ደቂቃ በላይ፣ 5 ሜትር ላይ ደግሞ የሦስት ደቂቃ የጥንቃቄ ቆይታ አለ። ሲደመር 1,000 ሊትር ያህል ነው፤ ከ80 ባር በላይ ማለት ነው። የውሃው ፍሰት ሲበረታ መርከቧ ላይ ወደታሰረው ገመድ ለመመለስ የሚፈጀው አየር እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

የዋሻ ጠላቂዎች ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው፦ ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ጣሪያ ባለበት ሁሉ፣ የመርከብ ሆድ ውስጥም ቢሆን፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

አንድ ፍተሻ ደግሞ ጀልባው ላይ ሳሉ ያልቃል። መተንፈሻውን (ሬጉሌተሩን) አፍ ውስጥ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ እየተነፈሱ የጌጁን ቀስት ማየት ነው። አየር በተሳበ ቁጥር ቀስቱ ወርዶ የሚመለስ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም። ወለል ላይ የበቃው ያ ጠባብ ቀዳዳ ታች ሲወረድ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ከመጥለቃችሁ በፊት የምትመለሱበትን ባር ከጓደኛችሁ ጋር ቁረጡ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እዚያ ቁጥር ላይ ስትደርሱ፣ የሌላው ሲሊንደር ምንም ያህል አየር ቢኖረው፣ አብራችሁ ተመለሱ።