በቆጋ ማሳ የዋለ ሰው ደም፦ ስለ ፕላትሌት ቁጥር አነባበብ የቀረበ ሂስ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመራዊ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ ለማልማት ታቅዶ የተሠራ ነው። በበጋው ወራት ሽንኩርት ሲኮተኩትና ቦይ ሲጠርግ የዋለ ገበሬ ትኩሳት ተሰምቶት፣ በእግሩ ተጉዞ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ፣ ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌቶች በአንድ ማይክሮሊትር ደም 130,000 ሆነው ቢገኙ፣ ከውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት የተወሰደው ከ150,000 እስከ 450,000 የሚለው ወሰን ውጤቱን «ዝቅተኛ» ይለዋል። ይህ ፍርድ ግን በሁለት አቅጣጫ ሊስት ይችላል፤ ጤነኛውን ሕመምተኛ፣ ሕመምተኛውንም ደኅና ሊያስመስል ይችላል።

ስለ መጀመሪያው ስሕተት በቂ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና በ485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት አማካይ የፕላትሌት ቁጥር 205,000 መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማራ ክልል ጤናማ ጎልማሶች ላይ ተሠርቶ የወጣው ጥናት ደግሞ የታችኛውን ወሰን ከ150,000 በእጅጉ አውርዶ ወደ 100,000 አስጠግቶታል። የእነዚህ ሥራዎች ውለታ ቀላል አይደለም። በ130,000 ብቻ ቀዶ ሕክምናው የሚዘገይበት፣ ወይም ለማያስፈልገው የመቅኔ ምርመራ የሚላክ ሰው የሚድነው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። ጉድለታቸው ለጠዋትም ለማታም፣ ላረፈም ለደከመም አንድ ወሰን መስጠታቸው ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጁ ባለመሆናቸው፣ ወቀሳው የሚከብደው በአዘጋጆቹ ላይ ሳይሆን ወሰኑን እንደ ሕግ በሚጠቅሰው ሐኪም ላይ ነው።

ስለ እንቅስቃሴ ያለው ዕውቀት ከሁሉ የጠራ ነው። በጤነኛ ሰው አካል ከሚገኙት ፕላትሌቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በጣፊያ ውስጥ ተጠራቅመው ይቆያሉ። ብርቱ ሥራ አድሬናሊንን ሲቀሰቅስ ጣፊያ ያከማቸውን ወደ ደም ዝውውር ይለቃል፤ የደም ፈሳሹ በላብና በሌላም ምክንያት መቀነሱ ቁጥሩን ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል። ጭማሪው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርስና፣ ሰውየው ሲያርፍ ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል። የአጥንት መቅኔ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም፤ አዲስ ፕላትሌት አምርቶ ለማውጣት ቀናት ያስፈልጉታልና። ስለዚህ «የአካል እንቅስቃሴ ፕላትሌት ያበዛል» የሚለው የተለመደ አባባል እውነቱን ያዛባዋል። ከጎተራ ወደ ደጅ የወጣ እህል ምርቱን አላበዛም። ከማሳው በቀጥታ የመጣውና 130,000 የተነበበለት ገበሬም ዐርፎ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወደ 105,000 ሊወርድ ይችል ነበር፤ ይህ ደግሞ በአገሩ ወሰን እንኳ ከጠርዝ ላይ ያለ ቁጥር ነው።

በጣና ዙሪያ ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። ወባም ሆነ በሐይቁ ዳርቻ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ጣፊያን ያሳብጣሉ። እጅግ ያበጠ ጣፊያ ከጠቅላላው ፕላትሌት እስከ 90 በመቶ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ የቁጥሩ ማነስ የምርት ማነስ ላይሆን ይችላልና፣ የሐኪሙ እጅ ሆዱን ሳይዳስስ ወረቀቱን ብቻ ማንበብ ከንቱ ነው።

የብርሃን ጉዳይ ግን ገና አልበሰለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥንቁቅ ሥራ 12 ጤነኞችን በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ለ10 ቀናት አቆይቶ፣ የፕላትሌት ንቃት በአካል የውስጥ ሰዓት ትእዛዝ ጠዋት እንደሚበረታ፣ ቁጥራቸው ግን ከሰዓት በኋላ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፈቃደኞች በየጠዋቱ ለ30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን፣ 10,000 ሉክስ ብርሃን ተቀብለው ደማቸው የመርጋት ዝንባሌው እንደቀነሰ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፒትስበርግ የወጣው የአይጦች ጥናት በቀይ ብርሃን የኖሩት በሰማያዊ ወይም በነጭ ብርሃን ከኖሩት አምስት እጥፍ ያህል ያነሰ የረጋ ደም እንደታየባቸው ዘግቧል። የኋለኞቹ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ መርጋት ጠባይ እንጂ ስለ ፕላትሌት ብዛት አይደለም። ከእነርሱ ተነሥቶ «ፀሐይ ፕላትሌት ይጨምራል» ማለት ከተጻፈው በላይ ማንበብ ነው።

እነዚህን ግኝቶች እንዳሉ ወደ ጣና ዳርቻ ማምጣትም አይቻልም። በቤተ ሙከራ «ኃይለኛ» የተባለው 10,000 ሉክስ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር በቀትር እስከ 100,000 ሉክስ ለሚያገኘው የቆጋ ገበሬ ከጥላ ብዙም አይሻልም። በባሕር ዳር አካባቢ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ፣ የአውሮፓ ክረምትና በጋ ንጽጽርም እዚህ እምብዛም አይረዳም።

ከሁሉ የሚከብደው ብርሃንና ድካም በማሳ ላይ አለመነጣጠላቸው ነው። የቆጋ መስኖ ውኃው በሌሊት በማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተይዞ በቀን እንዲለቀቅ ሆኖ የተነደፈ በመሆኑ፣ ሥራው ራሱ ከፀሐይ ጋር ይወጣል። ማሳ ላይ ከዋለ ሰው የተወሰደ አንድ ናሙና ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ ሊናገር አይችልም። መለየት የሚቻለው ከአንድ ሰው ደጋግሞ በመቅዳት ነው፦ ገና ሳይነጋ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳይነጋ በእግሩ ከተጓዘ በኋላ፣ በፀሐይ ሥር ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ በመጨረሻም ሥራ ውሎ። እንዲህ ያለው ጥናት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቆጠራ ማሽን፣ ሰዓትና የተመርማሪዎች ፈቃድ ይበቁታል።

እስከዚያው ድረስ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ደም ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ደግሞ በመስተዋት ላይ የተቀባው ደም በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ማሽኑ እርስ በርስ የተጣበቁትን ፕላትሌቶች ሳይቆጥር ማለፉ ያልተለመደ አይደለምና።