ወልቂጤን ከመሃል የማይሰብር ፋይል

በፓይተን አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍተን ሁለት መስመር እንጻፍበት፤ ከላይ «ወልቂጤ»፣ ከታች «ቡታጅራ»። ዘግተን መጠኑን ብናይ ሊኑክስ ላይ 25 ባይት ነው። ስምንት ፊደል በሦስት በሦስት ባይት፣ መሃላቸው አንድ የመስመር መለያ። የላቲኑ ፊደል በአንድ ባይት ሲያልፍ የእኛው ሦስት መክፈሉ ብዙዎችን ያስቆጫል። እኔን አያስቆጨኝም። ርካሹን መንገድ መሞከር ብቻ ይበቃል።

ዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠው። ያንኑ ቁጥር እንዳለ በሁለት ባይት ብናስቀምጠው «ል» 18 እና 13 ይሆናል። ችግሩ ያለው 13 ላይ ነው፤ ከቴሌታይፕ ዘመን ጀምሮ 13 ማለት «ወደ መስመሩ መነሻ ተመለስ» ነው። ባይት በባይት እያየ መስመር የሚለይ ፕሮግራም «ወ»ን እንዳነበበ መስመሩ አለቀ ይላል፤ ከተማዋ ለሁለት ተሰበረች። «ጉራጌ» ላይ ደግሞ ይብሳል፦ «ጉ» ውስጥ 9 አለ፣ የታብ ትእዛዝ፤ «ራ» ውስጥ 43፣ የመደመር ምልክት፤ «ጌ» ውስጥ 12፣ «ገጽ ቀይር» የሚል። ቡታጅራ ከመሰበር ታመልጣለች፤ ግን «ቡ» ውስጥ የተቀመጠው 97 የእንግሊዝኛው ትንሿ ኤ ናት።

ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ የነደፈው ዩቲኤፍ-8 ይህን ሁሉ አስቀድሞ ዘግቶታል። በእሱ አጻጻፍ «ል» 225፣ 136፣ 141 ነው። ከ128 በታች ያሉት ባይቶች የላቲን ፊደላት፣ የአኃዞችና የትእዛዞች ናቸው፤ ከ128 እስከ 191 ያሉት ምንጊዜም ተከታይ ናቸው፤ ፊደል የሚጀምሩት ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው። የጉራጌ መንደር ቤቶች ሰፊው የመንደር መንገድ በሆነው በጀፎረው ግራና ቀኝ ሲሰለፉ ማንም አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎረው አይገባም፤ እዚህም 13 የ«ል»ን ግቢ አይረግጥም። ፋይሉን ከመሃል ብትከፍቱትና ያረፋችሁበት ባይት 136 ቢሆን ተከታይ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ወደኋላ አንድ ሁለት እርምጃ ስትሉ መሪውን ታገኙታላችሁ።

እጅግ የምወደው ግን ከዓይን የተሰወረውን ስፌት ነው። ፕሮግራም ትልቅ ፋይል የሚያነበው እየቆረሰ ነው፤ ቁራሹ 4096 ባይት ነው እንበል። ክፍተት እንኳ የሌለበት፣ በፊደል ብቻ የተሞላ ፋይል ቢሆን 1365 ፊደል ሙሉ ይገባና አንድ ባይት ይተርፋል፤ የሚቀጥለው ፊደል ራስ ብቻውን። የፓይተን አንባቢ ያችን ብቸኛ 225 ስህተት ነች ብሎ አይጥላትም፣ በጥያቄ ምልክትም አይተካትም። ይዟት ይቆያል፤ ቀጣዩ ቁራሽ ሲመጣ ከሁለቱ ተከታዮቿ ጋር ያገናኛታል። ፕሮግራመሩ ፋይሉን መስመር በመስመር ሲያነብ ይህ መደረጉን አያውቅም።

ያልጠበቀ ስፌትም አለ፤ ሥራውን ስወድ እሱን መዝለል አይገባኝም። አሮጌ የኮድ ሰሌዳ የሚጠቀም ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንግ ሳይጠቅሱ ነባር ፋይልን በፓይተን ለመጻፍ መክፈት መጀመሪያ የነበረውን ያጠፋል፤ ቀጥሎ ፊደላችንን መጻፍ አቅቶት ስህተት ይጥላል። በእጅ የሚቀረው ዜሮ ባይት ነው። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ራሱ ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ ቢዘገይም ትክክለኛ ጥገና ነው።

ወልቂጤ ዙሪያ ያሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ለአማርኛ የማያስፈልጉ ድምፆች አሏቸው። እንደ «ᎀ» ያሉት ፊደሎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ገቡ፤ በ2021 ደግሞ ዩኒኮድ 14 ለጉራጌ አጻጻፍ 28 ፊደላት ጨመረ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ የድሮው ሰፈር ስለሞላ ራቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ በዩቲኤፍ-8 አራት አራት ባይት ይወስዳሉ። የመጀመሪያው 240፣ 158፣ 159፣ 160 ነው። ጃቫ የአንዱን ፊደል ርዝመት ሲጠየቅ ሁለት ይላል፤ 16 ቢት ይበቃል ተብሎ የታሰበበት ዘመን ቅሪት ነው። ከ2021 በፊት የተጻፈ የዩቲኤፍ-8 አንባቢ ግን 240ን ሲያይ ሦስት ተከታይ እንዳለ ያውቃል፤ ፊደሉን አይቶት ባያውቅም አንብቦ መልሶ ይጽፈዋል። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑ ባዶ ሳጥን ያሳያል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አራቱም ባይቶች በቦታቸው አሉ።