«የሰበቃ ኤሌክትሪክ» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

አንድ የሙያ ቃል ነገሩን ከመሰየም አልፎ ምክንያቱንም የሚናገር ከሆነ፣ ምክንያቱ እውነት መሆኑን መመርመር የሰያሚው ግዴታ ነው። ደረቅ ጠጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲበጠር ለሚታየው ክሥተት የሚሰጠውን «የሰበቃ ኤሌክትሪክ» የሚል ስያሜ የምንተቸው በዚህ መለኪያ ነው።

የቃሉ ውበት አይካድም። «ሰበቀ» እንጨትን በእንጨት አሽቶ እሳት ማውጣትን የሚያመለክት ነባር ግሥ ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ሰበቃ» በፊዚክስ ትምህርት የታወቀ ቃል ሆኗል። ይሁን እንጂ ስሕተቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። እሳቱን የሚያስነሣው በእርግጥ ከሰበቃው የሚገኘው ሙቀት ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስገኘው ግን የሁለት ቁሶች ተነካክቶ መለያየት ነው። ሲነካኩ ኤሌክትሮኖች፣ በአንዳንድ ቁሶችም አዮኖች፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ሲለያዩ ኤሌክትሮን የሰጠው አዎንታዊ፣ የተቀበለው አሉታዊ ሙል ይዞ ይቀራል። ማሸት የሚነካካውን ገጽ ያሰፋል፣ ንክኪውንም ይደጋግማል እንጂ የግድ አስፈላጊ አይደለም። የሚጣበቅ ፕላስቲክ ከጥቅሉ ሲላጥ ሳይታሽ ሙል መያዙ ለዚህ ምስክር ነው።

የውጭው ቃልም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። «ትራይቦኤሌክትሪክ» የተገኘበት የግሪክ ግሥ ትርጉሙ «ማሸት» ነው። «ኤሌክትሪክ» የሚለውም ዊልያም ጊልበርት በ1600 (እ.ኤ.አ.) ሲታሽ ገለባ ከሚስበው ከአምበር ስም ካወጣው የላቲን ቅጽል የመጣ ነው። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ የቀደሙት በዓይናቸው ባዩት ቢሰይሙ አይፈረድባቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ለምንሰይመው ለእኛ ግን ይህ ምክንያት አይሆነንም።

«ቋሚ ኤሌክትሪክ» ማለትም አያዋጣም። «ቋሚ» የማይለወጥ መጠንንም ስለሚያመለክት፣ በእርጥብ አየር ፈጥኖ የሚባክነውን ሙል ዘላቂ ያስመስለዋል።

ስለዚህ «የረጋ ኤሌክትሪክ» የሚለውን እናቀርባለን። «የኤሌክትሪክ ጅረት» ማለትን ከለመድን፣ የማይፈሰውን እንደ ውሃው «የረጋ» ማለት የተገባ ነው፤ የረጋ ውሃ መንገድ ሲያገኝ እንደሚፈስ ሁሉ የረጋውም ሙል በብልጭታ ያመልጣል። «ረጋ» ስለ ወተት ሲነገር መጠጠርን ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «ጅረት» ከአጠገቡ ሲቆም የውሃው ፍቺ ይጎላል። «ሰበቃ» ማሸት በእርግጥ ባለበት ቦታ ብቻ ይግባ። ተርጓሚዎችም «በሰበቃ ሙል ተፈጠረ» ማለትን ትተው «በንክኪ ሙል ተሻገረ» እንዲሉ እናሳስባለን፤ ሙል ከቁስ ወደ ቁስ ይዛወራል እንጂ ከምንም አይፈጠርምና።